ለሁለት ስፒከሮች የተሾመ ተጠባባቂ

እስቲ መልሱልኝ፤ የሳሎናችሁ ስፒከር ነገ ጠዋት ቢታመም በማን ይተካል?

በማንም አይተካም። አውቄዋለሁ። ለመኪናችሁ ትርፍ ጎማ ጭናችኋል። ለበራችሁ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጻችኋል። ሸሚዛችሁ እንኳን ከውስጥ በኩል ትርፍ አዝራር ተሰፍቶለታል። ዓመት ከዓመት ቆሞ ስለሚያገለግላችሁ ስፒከር ግን አንዲት ቀን አስባችሁ አታውቁም። ከዚያ ደግሞ ስለ ሥልጣኔ ልታወሩ ትነሣላችሁ!

ይህን ነውር ከቤታቸው ነቅለው የጣሉ አንድ ታላቅ ሰው አሉ። ሥራቸው ሳይነገር ቢቀር ግፍ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ግፍ አልወድም።

እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። በእሳቸው ዘመን ያለ ቅጽ የታመመ ሠራተኛ አልነበረም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሥራ ገበታው ላይ ራሱን ስቶ በወደቀ ጊዜ «የሕመም ፈቃድ ሞልቷል?» ብለው እንደጠየቁ፣ ሰውየውም ሲነቃ ከውኃ በፊት እስክሪብቶ እንደተሰጠው ዛሬም ድረስ በአድናቆት ይወራል። የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው «ጋሽ መመሪያ» ይላቸዋል። ከፊታቸው ግን አሁንም «ኃላፊ» ነው የሚላቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ቢሆናቸውም። ኃላፊነት እንደ ፈንጣጣ ነው። ቢድንም ጠባሳው ፊት ላይ ይቀራል።

ጡረታ በወጡ በወሩ ሁለት ስፒከሮች ገዙ። የሚያስተዳድሩት ሰው ቢያጡ ነው ብለው የሚያሟቸው አሉ፤ ሐሜተኛ ምን ሥራ አለው! ስፒከሮቹ ቁመታቸው የስምንት ዓመት ልጅ ያህላል፤ ጥቁር እንጨት ለብሰው በሳሎኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ይገባሉ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣሉ። አርፍደው አያውቁም፤ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው አያውቁም፤ ከኃላፊው ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመኙት የኖሩት ሠራተኛ ይኸው ነበር።

በዚያ ቤት ከስፒከሮቹ ሌላ ሚስታቸውና አንዲት ልጃቸውም ይኖራሉ።

ልጅቱ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ረዳት ናት። መድኃኒት አዋቂ ለመባል የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት፤ ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ደንቡ አራተኛ አያውቅም። መኝታ ቤቷ ከቀኙ ስፒከር ጀርባ ነው። ግድግዳው ላይ የመድኃኒት ስሞችን በትንንሽ ወረቀት ጽፋ ለጥፋለች፤ በሳሎን ከበሮ በተመታ ቁጥር ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው የደም ግፊት መድኃኒት ነው።

ፈተናው ሃያ አራት ቀን ሲቀረው ልጅቱ ለጥናት ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች፤ ሳሎን ገብታም ከአባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ትንሽ ቀንሰው። ላናግርህ ነው።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን።»

«አባዬ!»

ቀነሱት። ይህን ትሕትናቸውን መዝግቡልኝ።

«ፈተናው ሃያ አራት ቀን ቀረው» አለች። «የመጨረሻዬ ነው። ካለፍኩ አለፍኩ፤ ከወደቅኩ ዕድሜ ልኬን ለሌላ ሰው ብልቃጥ ሳቀብል መኖሬ ነው። እስከዚያ ድረስ ሄድፎን አድርገህ ስማልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ተራ አባት ቢሆን «እሺ ልጄ» ይል ነበር። ወጥቶ ከሰፈሩ ሱቅ ያገኘውን ሄድፎን ገዝቶ ጆሮው ላይ ይደፋና ነገሩ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ተራ አባቶች እንዲህ እያደረጉ ነው ዓለምን ያለ አሠራር ያስቀሩት። ኃላፊው ግን ተነሥተው ቆሙ።

«ስፒከሮቹ ተጠባባቂ የላቸውም እያልሽ ነው?»

«እንደሱ እንኳን አላልኩም።»

«ብለሻል! ደግሞም እውነትሽን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ተጠባባቂ! እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? በእኔ ጊዜ ይህን ያደረገ የክፍል ኃላፊ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ነበር።» ግንባራቸውን መቱ። «ጉዳዩን ተቀብየዋለሁ። ጥያቄሽን በማመልከቻ አድርጊልኝ።»

ልጅቱ አባቷ የተስማሙ መስሏት ጉንጫቸውን ስማ ማመልከቻ ጻፈች። ሃያ ስምንት ዓመት አብራቸው ኖራ ይህን ያህል ሞኝ መሆኗ ይገርማል።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ኃላፊው ሆኑ። ጸሐፊነቱን የጎረቤት ጥርስ ሐኪም ወሰዱት፤ ከጆሮ በአራት ጣት ርቀት ላይ የሚሠራ ባለሙያ ከእሳቸው ሌላ በሰፈሩ አልተገኘም። ሦስተኛ አባል ግን ጎደለ።

«አንቺ ነሽ» አሉ ኃላፊው ወደ ኩሽና እየጮኹ።

«ምኑ ነኝ?» አሉ ሚስታቸው።

«የመራጭ ኮሚቴው አባል።»

«ሽንኩርት እየላጥኩ ነው።»

«ግድ የለም፤ በሌለሽበት ተመርጠሻል።»

«አለሁ እኮ! ይኸው አለሁ!»

«ካለሽማ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ዶክተር፣ ይያዝልኝ።»

ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው አንድ ታላቅ መርሕ አጸደቀ። ተጠባባቂ ማለት የዋናውን ሥራ በዋናው ደረጃ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከስፒከሮቹ ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸራል። ለማነጻጸር ደግሞ ስፒከሮቹ ሥራ ላይ መሆን አለባቸው። በዚህ የማይነቃነቅ ሐሳብ መሠረት ዘጠኝ ሰዓት ይገቡ የነበሩት ስፒከሮች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መግባት ጀመሩ።

ልጅቱ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ከክፍሏ ወጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለአንቺ ዝምታ እያመቻቸን ነው» አሉ አባቷ።

«በዚህ ጩኸት?»

«ዝምታ ከሰማይ አይወርድም፤ ይሠራለታል!»

ሐኪሙ ይህን አባባል ወዲያው ጻፉት። ቆይቶ ለክሊኒካቸው ግድግዳ የሚሆን መስሏቸው ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሙዚቃ ዕቃ መደብር ሻጭ ሦስት ሄድፎኖች በእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። ኮሚቴው ለሙከራ ነው የተዋሳቸው። ሻጩ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ይመስል በለሆሳስ የሚናገር ሰው ነው፤ ዕቃው ውድ በሆነ መጠን ድምፁ ይቀንሳል። ሦስተኛውን ሣጥን ሲከፍት ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ሳሎኑ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሻጩ ቆሞ አነበበው። «ክፍት የሥራ ቦታ፦ ተጠባባቂ። ብዛት፦ አንድ። ተፈላጊ የሥራ ልምድ፦ ከሁለት ዓመት ያላነሰ።»

«ጋሼ፣ ልምድ ምን ለማለት ነው?»

«ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?»

«የትም። አዲስ ናቸው፤ ፕላስቲካቸው እንኳን አልተላጠም።»

«እንግዲያው ልምድ የላቸውማ» አሉ ኃላፊው ወደ ሐኪሙ ዞረው። «ተወዳዳሪዎቹ መስፈርቱን ባለማሟላታቸው...»

ሻጩ ሣጥኖቹ ሊዘጉበት መሆኑን አየ። የነጋዴ ልጅ ነው፤ አልተደናገጠም። «ጋሼ፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለሚይዝ ሰው ምን ይደረግ ነበር?»

«የሙያ ትውውቅ ሥልጠና ይሰጥ ነበር።»

«ይኸውልዎ! አዲስ ሄድፎንም ይሟሻል። ሁለት መቶ ሰዓት ያለማቋረጥ ሙዚቃ ሲጫወትበት ውስጡ ይላላል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ሰው ይሆናል።»

«እንደ ሸክላ ድስት?» አሉ ሚስትየው ከበሩ ላይ።

«እንዳፍዎ፣ እትዬ።»

«ድስት ሲሟሽ ዘይት ይቀባል። ይሄንስ ማን ይቀባዋል?»

ኃላፊው ግን ሁለት መቶ ሰዓት የሚለውን ቁጥር ወደውታል። ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ ያምራቸዋል። ሦስቱም ሄድፎኖች በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ በትራስ ተጠቅልለው፣ ሌትና ቀን እንዲዘፈንባቸው ተወሰነ። ሁለት መቶ ሰዓት ማለት ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት ነው። ልጅቱ ደግሞ የቀሯት ሃያ ሁለት ቀን ነበሩ። ይህን የምታሰላ እሷ ብቻ ነበረች።

በእነዚያ ስምንት ቀናት ኮሚቴው ሥራ አልፈታም። ዋናዎቹ ምን ያህል ዋና መሆናቸውን ሳያውቁ ተጠባባቂውን መመዘን ስለማይቻል፣ ስፒከሮቹ በየቀኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ተፈተሹ። አንድ ዘፈን ተመረጠ። መመሪያው ለአንድ ፍተሻ አርባ ሰከንድ ብቻ ስለሚፈቅድ ዘፈኑ አርባኛው ሰከንድ ላይ ተቋርጦ እንደገና ይጀምራል። ዘፋኙ «መጣሁልሽ፣ መጣሁልሽ» እያለ ከሩቅ ይጠራል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል።

በአራተኛው ቀን ሚስትየው መጥረጊያቸውን አስደግፈው ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ምስኪን አንድ ቀን እንኳን ቤቱ አስገባው። ምን ሆኖ እንደመጣ ይንገረን።»

«ሙዚቃ እየሰማን አይደለም» አሉ ኃላፊው ቆጣ ብለው። «እየገመገምን ነው።»

ይህ ቃል በወርቅ ቀለም መጻፍ ነበረበት። ስንቱ ገራገር ነው መሣሪያ ገዝቶ ዘፈን ሲሰማ የሚኖር!

በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድፎኖቹ ከቁም ሣጥኑ ወጡ፤ የናፍታሊን ሽታ ከመልመዳቸው በቀር ለውጥ የታየባቸው አልነበረም። ሻጩ ግን «አቤት፣ ሰው ሆኑ!» አለ። በጉጉት የተጠበቀው ፈተና ተጀመረ።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን አጠለቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ ማለቴ ነው፣ ክብ ነው።»

«ምን ያህል ክብ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እ... እንደ ሳህን።»

«ይያዝ። ላይኛው ድምፅስ?»

«ብርሃን አለው። ዓይን ግን አይወጋም።»

«መሐሉ?»

ሐኪሙ አሰቡ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ተቦርቡሯል» እና «ይነቀላል» ከሚሉ ሁለት ቃላት በቀር ሌላ ተጠቅመው የማያውቁ ሰው ናቸው። «መሐሉ ልበ ሙሉ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ እራሳቸውም ተገረሙ።

ሁለተኛው «ጨዋ ግን ቁጥብ» ተባለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ተራው የሚስትየው ሆነ። እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው አጠለቁት።

«ምን ይሰማሻል?»

«ሰውዬ ይዘፍናል።»

«እሱን አይደለም የምልሽ! ከሰውየው ኋላ ያለውን ጥልቀት ማለቴ ነው። ከጀርባው ምን አለ?»

ሚስትየው አዳመጡ። «ከጀርባው የልጄ በር ሲዘጋ ይሰማኛል።»

«እሱ ሙዚቃው ውስጥ የለም።»

«ቤቱ ውስጥ ግን አለ።»

በቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ አስተያየት፤ ከርዕሱ ውጭ» ተብሎ ሰፈረ።

አሸናፊው ሦስተኛው ሆነ። ሻጩ ለምን እንደሆነ በሹክሹክታ አስረዳ፤ ይህ ሄድፎን ጀርባው እንደ ወንፊት ክፍት ነው፣ ድምፁ አይታፈንም፣ ይተነፍሳል።

«ክፍት ከሆነማ ወደ ውጭም ይሰማል» አሉ ሚስትየው።

«ትንሽ ይወጣል፣ እትዬ። አጠገብ ላለ ሰው ብቻ።»

«ድምፅ እንዳይወጣ አይደል እንዴ ይህን ሁሉ የምንለፋው?»

ሻጩ ጫማውን አየ። ሐኪሙ እስክሪብቷቸውን አዩ። ኃላፊው ግን ደረታቸውን ነፉ። «ግልጽነት ነው!» አሉ። «የሚደብቀው የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ሠራተኛ ፈልጌ አላገኘሁም።»

ሁለት ለአንድ ጸደቀ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የሹመት ደብዳቤው ተነበበ። ማዳመጫው ጭንቅላት በመሰለ መስቀያ ላይ ሆኖ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ተቀመጠ። ሐኪሙ አጨበጨቡ። ልጅቱም አጨበጨበች፤ ዓይኗ ሥር በእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር።

«ተገላገልን!» አለች። «በል አባዬ፣ አድርገው።»

«ምኑን?»

«ሄድፎኑን ነዋ!»

ኃላፊው ሕፃን ልጅ የማይገባው ነገር እንደጠየቀው ሰው በርኅራኄ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ተጠባባቂ እኮ ነው።»

«አዎ?»

«ዋናው በሥራ ገበታው ላይ እያለ ተጠባባቂ አይሠራም። ይህ የአስተዳደር ሀሁ ነው። ዋናው ሲታመም፣ ሲሞት ወይም ፈቃድ ሲወጣ ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ» የቀኙን ስፒከር ትከሻ መታ መታ አደረጉ፣ «ይኸው፣ እንደ ብረት ናቸው።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ይህን ለክብሯ እናገራለሁ። ክፍሏ ገብታ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ወረቀት ይዛ ወጣች። ማመልከቻ ነበር። የግራና የቀኝ ስፒከሮች በሰባት ዓመት አገልግሎታቸው የዓመት ፈቃድ ወስደው እንደማያውቁ፣ የተጠራቀመው ፈቃዳቸው ከሁለት መቶ ቀን በላይ መሆኑን፣ በደንቡ መሠረት ከነገ ጀምሮ እንዲያርፉ የሚጠይቅ ነው።

ኃላፊው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሚስትየው «እፎይ» ብለው ወንበር ሳቡ።

«በሕይወቴ» አሉ ኃላፊው፣ «እንዲህ ያለ በሥርዓት የተጻፈ የፈቃድ ጥያቄ ደርሶኝ አያውቅም። ልጄ መሆንሽን ዛሬ አየሁ!»

«ተፈቀደ ማለት ነው?»

«አልተፈቀደም።»

«ለምን?»

«የጠያቂዎቹ ፊርማ የለበትም።»

እንግዲህ በዚህ ቦታ ላይ ሰነፍ አንባቢ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንዲት ወጣት ሴት ሕይወቷ ከአንድ አዝራር መጫን ጋር ታስሮ፣ አዝራሩ ከአባቷ ጣት አንድ ክንድ ርቆ፣ ጣቱ ግን ፊርማ ሲጠብቅ! ይህ ያስቃል?

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጅቱ መጽሐፎቿንና የመድኃኒት ወረቀቶቿን በሻንጣ አድርጋ ወጣች። እናቷ ሻንጣውን እስከ ደጅ ያዙላት። ኃላፊው በዚያን ሰዓት ሳሎን ውስጥ የስፒከሮቹን አቧራ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር።

የሄደችው አክስቷ ቤት ነው። አክስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። የስፌት ማሽኗ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ባቡር ይንጓጓል። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ማሽኑን አይታ ተስፋ ቆረጠች።

«ምነው?» አለች አክስትየዋ።

«ፈተና አለብኝ፣ አክስቴ። ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። ድምፅ... ግን ሥራሽ ነው፣ ተይው።»

አክስትየዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። በቃ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በእጇ ሰፋች፤ ጣቷ እስኪደማ። ቃለ ጉባኤ ባለመያዙ ይህ ሥራ ሕጋዊነቱ አጠራጣሪ ነው።

ወደ ትልቁ ቁም ነገር እንመለስ። ኮሚቴው ተጠባባቂ ከሾመ በኋላ አልተበተነም፤ የትኛው ኮሚቴ ተበትኖ ያውቃል? የአመልካቿ አቤቱታ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለማረጋገጥ «የጎንዮሽ ተፅዕኖ ጥናት» ጀመረ። ኃላፊው የስፒከሮቹን ድምፅ አንድ እርከን ይጨምራሉ፤ ሐኪሙ በልጅቱ በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ይቆማሉ።

«ቅሬታ አለ?»

«የለም!»

«ጨመርኩ። አሁንስ?»

«ጸጥ ያለ ነው! እንደውም ከበፊቱ የባሰ ጸጥታ ነው!»

«መጠይቁን ከበሩ ሥር አስገቡላት።»

አስገቡ። አልተመለሰም። በማግሥቱ ሌላ አስገቡ። እርከኑ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ የሳሎኑ መስኮት ተሰነጠቀ፤ ከልጅቱ ክፍል ግን አንዲት ቃል አልወጣችም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል መሃይሞች፤ ሊቃውንት ጥናት ይሉታል።

ሚስትየው የኮሚቴ አባል ናቸውና በስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ስለ ልጅቱ አንድ ነገር ልናገር።»

«በአጀንዳ ተይዟል?» አሉ ሰብሳቢው።

«አልተያዘም። ግን...»

«ልዩ ልዩ በሚለው ሥር ለሚቀጥለው ስብሰባ አስይዢ።»

አስያዙ። በሚቀጥለው ስብሰባ ልዩ ልዩ ላይ ሳይደረስ ሰዓት አለቀ። በምሳ ጊዜ የልጅቱ ሳህን በቦታው ይቀመጣል፤ ንጹሕ ሆኖ ይነሣል። ኃላፊው አንድ ቀን ሳህኑን አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ይቺ ልጅ ጥንቅቅ አድርጋ መብላት ጀምራለች» አሉ። ሚስትየው ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበሉ።

ጥናቱ ሲጠቃለል ውጤቱ አንጸባራቂ ነበር። ድምፁ በመጨረሻው እርከን ላይ እያለ ምንም ቅሬታ ስላልቀረበ፣ ስፒከሮቹ ማንንም እንደማይረብሹ በሳይንስ ተረጋገጠ። ስለዚህ የመጀመሪያው አቤቱታ መሠረተ ቢስ ነው። ስለዚህ ተጠባባቂው አያስፈልግም። ነገር ግን ሹመት በዋዛ ስለማይሻር «የተጠባባቂ ተጠባባቂ» ተብሎ ወደ ሣጥኑ እንዲገባ ተደረገ። ለአመልካቿም በሐሰት አቤቱታ የኮሚቴውን ጊዜ በማባከኗ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ከበሩ ሥር ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት የሚጠቅስብኝ ቢኖር ጅቡም ውሻውም ማን እንደሆኑ አስቀድሞ ይንገረኝ።

ልጅቱ ተፈተነች። ውጤቱ ከፈተናው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ፤ አልፋለች። አክስትየዋ ከደስታዋ ብዛት ማሽኑን ባዶውን ረገጠችው።

ልጅቱ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሃያ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። አባቷ የሳሎኑን መስታወት የሚቀይር ሠራተኛ ሲጠብቁ ደጅ ላይ አገኟት። ሻንጣውን አዩ። እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ የእውነት ድንጋጤ ተነበበ፤ ሰው ናቸው፣ አባትም ናቸው።

«ልጄ፣ በሻንጣ?» አሉ። «ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«መምጣቴ ነው፣ አባዬ።»

ኃላፊው ያልታወቀ ነገር ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት የደረት ኪሳቸውን ለእስክሪብቶ ዳሰሱ። ልጅቱ በአጠገባቸው አልፋ ገባች።

እዚህ ላይ ላበቃ አስቤ ነበር። አላስቻለኝም። በየቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የእኔም በር ላይ አለ። በሚመጣው እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ኃላፊው በሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ «ዝምታን በመመሪያ ማስፈን፦ ልጄን ለፈተና ያበቃው የቤታችን ተሞክሮ» በሚል ርዕስ ንግግር ያደርጋሉ። የጥርስ ሐኪሙ መድረክ ይመራሉ። ሻጩ ሄድፎኖቹን በአዳራሹ በር ላይ ያሳያል።

እሄዳለሁ። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ አላምንም ነበር፤ የከበሮ ቆዳ ሲተነፍስ የሚሰማው ጆሮ ልጁ በሯን ዘግታ ከቤት ስትወጣ እንዳልሰማ ካየሁ ወዲህ ግን አምናለሁ።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ንግግርዎን ከመጀመርዎ በፊት፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ ልጅዎ ከቤት የወጣችው በየትኛው ቀን ነው? ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ የለም። ወደ ሐኪሙ መዞር የለም። በአፍዎ፣ አሁኑኑ፣ ሁላችንም እየሰማን ይመልሱ!